ገበጣ ከመሬት ወደ ስልክ፦ የሰሌዳ ጨዋታ ቪዲዮ ጌም ሲሆን ምን ይቀራል? ምንስ ይለወጣል?

በምሥራቅ ሱዳኖቹ ከሰላና ገዳሪፍ «ሲጃ» ለመጫወት ገንዘብም ሆነ የተለየ ዕቃ አያስፈልግም። አሸዋ ላይ በጣት አምስት በአምስት የሆኑ 25 ቤቶች ይሠራሉ። አንደኛው ተጫዋች ጠጠር፣ ሌላኛው የተምር ፍሬ ይዞ ይቀመጣል። ድንበሩን ተሻግሮ መተማ የደረሰ ሰው ደግሞ መሬት ላይ በረድፍ የተማሱ ትንንሽ ጉድጓዶችን ሲያይ «ገበጣ» መሆናቸውን የሚነግረው አያሻውም።

እነዚህን የመሰሉ ጨዋታዎች ዛሬ በስልክና በኮምፒውተርም ይገኛሉ። ሆኖም በእጅና በዓይን፣ በክርክርና በሳቅ የሚካሄድን ጨዋታ ወደ ስክሪን ማዛወር ቀላል ሥራ አይደለም። ጌም የሚሠሩ ባለሙያዎች ሁሉ የሚጋፈጡት አንድ ጥያቄ አለ፦ ጨዋታው እውነተኛውን ምን ያህል ይምሰል? አዝናኝ እንዲሆንስ ምን ያህል ይለወጥ?

ለዚህ የድንበር አካባቢ ጥያቄው የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኤርትራውያን ስደተኞች ወደ ከሰላ በብዛት መግባት የጀመሩት እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር (እአአ) በ1967 ነው። በገዳሪፍ ግዛት የሚገኘው ኡም ራኩባ በ1980ዎቹ አጋማሽ ረሃብንና ጦርነትን የሸሹ ኢትዮጵያውያንን አስጠልሏል፤ እአአ በ2020 መገባደጃ በትግራይ ጦርነት ሲቀሰቀስም በድጋሚ ስደተኞችን ተቀብሏል። እአአ ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ራሷ ሱዳን ጦርነት ውስጥ ስትገባ ከካርቱምና ከገዚራ የተፈናቀሉ ሰዎች ወደ ገዳሪፍና ከሰላ ጎርፈዋል፤ ሌሎች ደግሞ ድንበር ተሻግረው መተማ ገብተዋል።

ገበጣም ሆነ ሲጃ በቃል የሚተላለፍ ሕግ ያላቸው ጨዋታዎች ናቸው። የሚኖሩት በሚያውቋቸው ሰዎች ዘንድ ነው። አያት ከልጅ ልጅ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሲለያይ ሕጉን የሚያስተምር ሰው ይጠፋል። በዚህ ጊዜ ስልክ ላይ የተጫነው ጨዋታ ለብዙ ወጣቶች የመጀመሪያው፣ አንዳንዴም ብቸኛው አስተማሪ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጌሙን የሠራው ሰው ምን እንዳስቀረና ምን እንደጣለ ማወቅ ተገቢ ይሆናል።

«እውነተኛውን ይምሰል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ስለ እውነተኝነት ሲነሣ ብዙዎች ቀድመው የሚያስቡት መልክን ነው። የእንጨቱ ቀለም፣ የጠጠሩ ቅርጽ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ። ይህ የመጀመሪያው ዓይነት እውነተኝነት ሲሆን በዛሬ ቴክኖሎጂ ለመሥራትም ብዙ አያስቸግርም።

ሁለተኛው የሕግ እውነተኝነት ነው። ጠጠሩ በየት በኩል ይታደላል? መቼ ይበላል? ተራ መቼ ያልፋል? ሦስተኛውና አስቸጋሪው ደግሞ የተጫዋቹ ሥራ እውነተኝነት ነው፤ ሰውየው መሬት ላይ ተቀምጦ ሲጫወት በአእምሮው የሚሠራውን ሥራ ስክሪኑ ፊት ሲቀመጥም ይሠራል ወይ የሚለው ነው።

መልኩ ፍጹም ተመሳስሎ ሕጉም ሳይዛነፍ ጨዋታው ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ገበጣ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ድንበር ያላገዳቸው ጨዋታዎች

ገበጣ በዓለም ዙሪያ «ማንካላ» በሚል የወል ስም ከሚታወቀው የጨዋታ ቤተሰብ ይመደባል። ቃሉ «ነቀለ»፣ ማለትም ከቦታ ቦታ አዛወረ፣ ከሚለው የዐረብኛ ግሥ የመጣ ነው። በአክሱም ዘመን ሥፍራዎች፣ በኤርትራ ማታራና በኢትዮጵያ የሓ፣ ከተገኙ የሸክላ ስብርባሪዎችና አለት ላይ ከተቦረቦሩ ጉድጓዶች በመነሣት ጨዋታው በአካባቢው ከሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው የሚገምቱ አሉ።

ከተለመዱት ዓይነቶች አንዱ በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ኖሮት በእያንዳንዱ አራት ጠጠር የሚቀመጥበት ነው፤ ድምሩ 48 ይሆናል። ሌላው ባለ ሦስት ረድፍ ነው። ባለ ሦስት ረድፍ ማንካላ የአፍሪካ ቀንድ መለያ ተደርጎ የሚወሰድ ሲሆን በሌላው ዓለም የተለመዱት ባለ ሁለትና ባለ አራት ረድፎቹ ናቸው። ከከሰላ ማዶ በምዕራብ ኤርትራ የሚኖሩት ኩናማዎች ደግሞ «አንዳዳ» የሚሉት ጨዋታ አላቸው፤ በሁለት ረድፍ 12 12 ጉድጓድ ተደርጎ በእያንዳንዱ ሁለት ጠጠር ይቀመጣል።

የገበጣ ዋናው እንቅስቃሴ ማደል ነው። ተጫዋቹ ከአንድ ጉድጓድ ያሉትን ጠጠሮች ሁሉ አንሥቶ በቀጣዮቹ ውስጥ አንድ በአንድ ያድላል። በብዙ ቦታ የመጨረሻዋ ጠጠር ባዶ ካልሆነ ጉድጓድ ከገባች እዚያ ያለው ሁሉ ተነሥቶ ማደሉ ይቀጥላል፤ ባዶ ጉድጓድ ሲገጥም ተራው ያልፋል። አንድ እጅ ሰሌዳውን ደጋግሞ ሊዞር ይችላል።

ሲጃ ከዚህ ይለያል። በግብፅና በሱዳን የታወቀ ሲሆን እንግሊዛዊው ጸሐፊ ኤድዋርድ ሌን እአአ በ1836 ስለ ግብፃውያን ኑሮ ባሳተመው መጽሐፍ ገልጾታል። እያንዳንዱ ተጫዋች 12 ጠጠር ይይዛል። በመጀመሪያ ሁለት ሁለት ጠጠር በየተራ እያስቀመጡ ከመሃለኛዋ ቤት በቀር ሰሌዳውን ይሞላሉ። ከዚያ እንቅስቃሴ ይጀመራል፤ የባላጋራን ጠጠር በሁለት ወገን ያስጠጋ ይበላዋል። አንዱ ተጫዋች መላወሻ ሲያጣ ሌላው በራሱ ጠጠር መንገድ እንዲከፍትለት የሚያስገድድ ልማድም አለ።

የትኛው ሕግ ነው «ትክክለኛው»?

የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እአአ በ1971 ስለ ገበጣና ተዛማጅ ጨዋታዎች ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ያሉ ከ100 ያላነሱ ዓይነቶችን መዝግበዋል። የጉድጓዱ ቁጥር፣ የጠጠሩ ብዛት፣ የማደያው አቅጣጫ፣ የመብላት ሁኔታው ከቦታ ቦታ ይለያያል።

መሬት ላይ ይህ ልዩነት ችግር አይሆንም። ከተለያየ አካባቢ የመጡ ሁለት ሰዎች ከመጀመራቸው በፊት «እኛ አገር እንዲህ ነው» ተባብለው ይስማማሉ። ካልተስማሙ ይከራከራሉ፤ ክርክሩም የጨዋታው አካል ነው። እንደ ገዳሪፍ ባለ፣ ከብዙ አቅጣጫ የመጡ ሰዎች በሚኖሩበት ሥፍራ ይህ ድርድር ትውውቅም ጭምር ነው።

ኮምፒውተር ግን አይደራደርም። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው አንዱን ሕግ መርጦ ሌላውን መተው አለበት። በዓለም ገበያ በብዛት የሚገኙት የማንካላ ጌሞች የሚከተሉት «ካላህ» የተባለውን፣ እአአ በ1940 አሜሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ሥሪት ነው። በካላህ በሰሌዳው ሁለት ጫፎች ላይ ትልልቅ ማጠራቀሚያዎች አሉ፤ የመጨረሻዋ ጠጠር በራሱ ማጠራቀሚያ የገባችለት ተጫዋች ተጨማሪ ተራ ያገኛል። ሕጉ ለመማር ቀላል፣ ውጤቱም ፈጣን ነው። ገበጣ የሚያውቅ ሰው ግን ስልኩ ላይ «ማንካላ» የሚል አውርዶ ሲከፍት የለመደውን ላያገኝ ይችላል።

ጉዳቱ ቀስ ብሎ የሚታይ ነው። ስልኩ የማይቀበለውን አካሄድ ልጁ «ስሕተት» ብሎ ይማረዋል። አያቱ የሚያውቁት ሕግ በስክሪኑ ላይ ስለሌለ ብቻ ትክክል ያልሆነ ይመስለዋል። ለመዝናናት ሲባል የተመረጠ አንድ ሕግ ሳይታሰብ ብቸኛው ሕግ ሆኖ ይቀራል።

ሰንጠረዥ፦ ተራ የሌለው ውጊያ

ሕግን ወደ ኮምፒውተር ማዛወር የሚያስከትለውን ችግር ከገበጣ ይልቅ ጎልቶ የሚያሳየው የኢትዮጵያ ቼዝ የነበረው ሰንጠረዥ ነው። ዛሬ ቃሉ ለአብዛኛው አንባቢ ቁጥር የተደረደረበት መስመራዊ ሣጥን ማለት ነው። ቀድሞ ግን በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ሰፈር የሚዘወተር ጨዋታ ነበር። ከጣሊያን ወረራ ወዲህ በዘመናዊው ቼዝ ተተክቶ ተረስቷል።

ሰንጠረዥን ከዘመዶቹ ሁሉ የሚለየው አጀማመሩ ነው። «ወረራ» በሚባለው በዚህ ምዕራፍ ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች ሠራዊታቸውን በፈለጉት ፍጥነት፣ የፈለጉትን ያህል ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው አብቅቶ በተራ መጫወት ይጀመራል።

ይህ ሕግ ከጦር ሜዳ ጋር ያለው ምስስል ግልጽ ነው። ሠራዊት ሲሰለፍ ጠላት ተራ አይጠብቅም። ጨዋታውንም ሕያው ያደርገዋል፤ እጆች ይሽቀዳደማሉ፣ ዓይን ከዓይን ይጠባበቃል። እዚህ ላይ እውነተኝነትና መዝናናት አልተጣሉም።

ወደ ስልክ ሲመጣ ግን ይጣላሉ። በአንድ ትንሽ ስክሪን ላይ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ጣታቸውን ማንቀሳቀስ ይከብዳቸዋል። በኢንተርኔት ሲሆን ደግሞ የተሻለ መስመር ያለው ይጠቀማል፤ አዲስ አበባ ያለ ተጫዋች ከገዳሪፉ ቀድሞ ሊደርስ የሚችለው ስለበለጠ ሳይሆን ኔትወርኩ ስለፈጠነ ነው። ሠሪው ወረራውን በሰዓት ሊገድበው፣ ሁለቱም በስውር አሰልፈው በአንድ ጊዜ እንዲገልጡ ሊያደርግ፣ ወይም ጨርሶ ሊተወው ይችላል። መተው ቀላሉ ነው፤ ነገር ግን ወረራ የሌለው ሰንጠረዥ ጥቂት የቆዩ ሕጎች ያሉት ቼዝ ብቻ ይሆናል። ስውር አሰላለፍም ቢሆን ባላጋራን እያዩ ማስተካከልን ያስቀራል። በጊዜ የተገደበው ግን፣ ባይመስለውም፣ የተጫዋቹን ሥራ ይጠብቃል።

ሌላም አለ። በሰንጠረዥ ማሸነፍ ብቻ አልነበረም ክብሩ። በደር ወይም በፈረስ ንጉሥን ማጥመድ እንደ ተራ ነገር ሲታይ፣ በእግረኞች ማሸነፍ ይደነቅ ነበር። ለኮምፒውተር ድል ሁሉ አንድ ነው። ይህን የክብር ልክ በነጥብ ካልተረጎሙለት በቀር አያውቀውም።

ልኩን ያለፈ እውነተኝነት

እውነተኝነት በራሱ ግብ ሲሆን ምን እንደሚከተል የሚያሳይ የታወቀ ምሳሌ አለ። እአአ በ1979 በአሜሪካ ኤስፒአይ የተባለ ኩባንያ «ዘ ካምፔይን ፎር ኖርዝ አፍሪካ» የተሰኘ የጦርነት የሰሌዳ ጨዋታ አሳተመ። አዘጋጁ ሪቻርድ በርግ ነበር። የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የሰሜን አፍሪካ ግንባር የሚያሳየው ይህ ጨዋታ 10 ተጫዋቾችን የሚጠይቅ ሲሆን ለመጨረስ ወደ 1,500 ሰዓት እንደሚፈጅ ይነገራል። በቀን 8 ሰዓት ቢጫወቱት ከስድስት ወር በላይ ማለት ነው።

ከሕጎቹ ሁሉ የታወቀው የፓስታው ነው። የጣሊያን ወታደሮች ፓስታ ለመቀቀል ተጨማሪ ውኃ እንዲመደብላቸው ጨዋታው ያስገድዳል። የሚገርመው ደግሞ አዘጋጁ ከዓመታት በኋላ፣ የጣሊያን ወታደሮች ፓስታቸውን በቆርቆሮ ከሚመጣው የቲማቲም ስጎ ጋር ያበስሉ እንደነበር መናገሩ ነው። በእውነተኝነቱ የታወቀው ሕግ እውነትም አልነበረም ማለት ነው።

የዚያው ጦርነት የምሥራቅ አፍሪካ ግንባር የተከፈተው በዚሁ የድንበር አካባቢ ነበር። የጣሊያን ጦር እአአ ሐምሌ 4 ቀን 1940 ከሰላን ያዘ። በኅዳር ወር በብሪጋዴር ዊልያም ስሊም የሚመራ ጦር ገላባትን አጥቅቶ ምሽጉን ቢይዝም ይዞ መቆየት አልቻለም። በውጊያው ከተሰለፉት ታንኮች ብዙዎቹን ከሥራ ውጭ ካደረጉት ነገሮች አንዱ የአካባቢው ድንጋይ ነበር፤ ሰንሰለታቸውን በጠሰው። ከሰላ ከጣሊያን እጅ የወጣችው እአአ በጥር 1941 ነው።

ስለ ገላባት ውጊያ ጌም የሚሠራ ሰው ሁሉን ነገር ማስገባት አይጠበቅበትም። የእያንዳንዱን ወታደር ውኃ መቁጠር ተጫዋቹን ያሰለቸዋል። ድንጋዩን ከተወው ግን ውጊያውን ትቶታል፤ ምክንያቱም አዛዡ «ታንኩን በዚህ ልላከው ወይስ አልላከው?» ብሎ እንዲወስን የሚያስገድደው እሱ ነው። ጥሩ ጌም ከሺህ ዝርዝሮች ውስጥ ውሳኔ የሚያስለውጡትን ጥቂቶች ይመርጣል።

እዚህ ላይ ኮምፒውተር ሰሌዳው የሌለው አቅም አለው። በወረቀትና በእርሳስ ሰዓታት የሚፈጀውን ሒሳብ በቅጽበት ይሠራል። ሆኖም የራሱ ጉዳት ይከተላል። በሰሌዳ ላይ ሕጉን የሚያስፈጽመው ተጫዋቹ ስለሆነ ለምን እንደተሸነፈ ያውቃል። ኮምፒውተሩ በውስጡ ቀምሮ ውጤቱን ብቻ ሲነግረው ግን ሽንፈቱ ምክንያት የሌለው ይመስለዋል።

ዕጣና ፍትሕ

«ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለው እአአ በ1974 የወጣ የጠረጴዛ ዙሪያ ጨዋታ በዚህ ረገድ ብዙ ትምህርት ሰጥቷል። ተጫዋቾች ገፀ ባሕርይ እየሆኑ ታሪክ ይሠራሉ፤ የድርጊታቸውን ውጤት የሚወስነው በአብዛኛው 20 ገጽ ያለው ዳይስ ነው።

ከዚህ ጨዋታ የተቀዳው «ባልዱርስ ጌት» እአአ በ1998 ሲወጣ ሠሪዎቹ ተራ መጠበቅን ትተው ውጊያው ሳይቋረጥ እንዲሄድ፣ ተጫዋቹ ሲፈልግ ደግሞ እንዲያቆመው አደረጉ። ዳይሱ ከበስተጀርባ ይጣል ነበር። ሦስተኛው ክፍል እአአ በ2023 በላሪያን ስቱዲዮስ ሲቀርብ ግን ወደ ተራ ተመለሰ፤ በውይይትና መሰል ወሳኝ ቅጽበቶችም ዳይሱ በስክሪኑ ላይ ሲንከባለል ይታያል። የዓመቱ ምርጥ ጌም ተብሎም ተሸልሟል። ከ25 ዓመት በኋላ ሰሌዳውን ይበልጥ የመሰለው ሥሪት ይበልጥ ተወደደ።

ይሁንና ይህ ጌም ቃል በቃል አልተቀዳም። በመጽሐፉ ሕግ በክህሎት ሙከራ ላይ 1 መውጣቱ ብቻውን ውድቀት አይደለም፤ በጌሙ ግን ነው። ተከታታይ መጥፎ ዕጣ ተጫዋቹን እንዳያማርረው ዳይሱን በመጠኑ የሚያለዝብ ምርጫም ተካትቶበታል። ተጫዋቹ ንጹሕ ዕጣ ከፈለገ ሊያጠፋው ይችላል።

ታዋቂው የጌም አዘጋጅ ሲድ ማየር እአአ በ2010 ለሙያ አጋሮቹ ባደረገው ንግግር ተመሳሳይ ነገር አንሥቶ ነበር። ሦስት ለአንድ የማሸነፍ ዕድል ያለው ተጫዋች ሲሸነፍ እንደተጭበረበረ ይሰማዋል፤ በሒሳብ ግን ከአራት አንዴ መሸነፉ የሚጠበቅ ነው። ጠረጴዛ ላይ ዳይሱን የሚጥለው የራሱ እጅ ስለሆነ ዕድሉን ይረግማል። ስክሪን ላይ ግን የሚረግመው ማሽኑን ነው።

የማይሳሳት ባላጋራ

በገበጣና በሲጃ ዳይስ የለም፤ ሁሉም ነገር በዓይን ይታያል። ስለዚህ የእነሱ ፈተና ሌላ ነው፦ ኮምፒውተሩ ከልክ በላይ ጎበዝ መሆኑ።

በኔዘርላንድስ የአምስተርዳሙ ቭሬዬ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጆን ሮማይንና ሄንሪ ባል እአአ በ2002 የገበጣ ዘመድ የሆነውን «አዋሪ» በኮምፒውተር ፈትተውታል። ከ889 ቢሊዮን በላይ አሰላለፎችን መርምረው፣ ሁለቱም ወገኖች ሳይሳሳቱ ከተጫወቱ ውጤቱ አቻ እንደሆነ አሳዩ።

እንዲህ ያለ ባላጋራ ለሳይንስ እንጂ ለጨዋታ አይሆንም። ጌሙ አዝናኝ እንዲሆን ኮምፒውተሩ እንዲሳሳት መደረግ አለበት። አሳሳቱ ግን ይለያያል። አልፎ አልፎ ያለ ምክንያት መጥፎ አካሄድ የሚመርጥ ማሽን ሰው አይመስልም። ሰው የሚሳሳተው ሩቁን ስለማያይ ነው፤ ቅርቡን አይቶ ሦስተኛውን ዙር ይስታል። ማሽኑም ጥቂት እርምጃ ብቻ አሻግሮ እንዲያይ ከተገደበ ሽንፈቱም ድሉም የሰው ይመስላል።

ለተጫዋቹ የሚሰጠው እገዛም እንደዚሁ ነው። ብዙ ጌሞች በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ የጠጠሩን ቁጥር ይጽፋሉ። አንዳንዱ የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምትወድቅ ቀድሞ በምልክት ሊያሳይ ይችላል። ለጀማሪ ደግነት ይመስላል። ግን የገበጣ ችሎታ ይኸው ነው፤ ጠጠሩን በዓይን መገመት፣ ዞሮ ዞሮ የት እንደሚያበቃ በልብ ማስላት። ይህን ማሽኑ ከሠራለት ተጫዋቹ የቀረው ቁልፍ መንካት ብቻ ነው። በአንጻሩ ጠጠሩን አንድ በአንድ የማስቀመጡን ድካም ማሽኑ ቢወስድ የሚጎድል ነገር የለም።

ከአካባቢው የተነሡ ሙከራዎች

መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው ቅኔ ጌምስ እአአ በ2018 «ኩኩሉ» በተባለው የስልክ ጌም ታወቀ። ከአሳዳጇ የምታመልጥ ዶሮ የምታስሮጠው ይህ ጌም የአገር ቤት መልክና ድምፅ በስክሪን ላይ ተወዳጅ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። ኩባንያው ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል።

ከደቡብ ሱዳን ደግሞ የሉዋል ማየን ሥራ ይጠቀሳል። ቤተሰቦቹ ከጦርነት ሲሸሹ መንገድ ላይ ተወልዶ በሰሜን ኡጋንዳ የስደተኞች መጠለያ ያደገው ማየን፣ እናቱ ለሦስት ዓመት ባጠራቀሙት 300 ዶላር በተገዛ ላፕቶፕ ጌም መሥራት ተማረ። «ሰላም» የተሰኘው ጌሙ ተጫዋቹን በሚሸሽ ሰው ቦታ ያስቀምጠዋል፤ ምግብ፣ ውኃና መድኃኒት ካላገኘ መንገዱን አይጨርስም። «ዋህዳ» የተባለ የሰሌዳ ጨዋታም አዘጋጅቷል።

ስደትን ጨዋታ ማድረግ የሚዛኑን ጥያቄ ያከብደዋል። መከራውን እንዳለ ያሳየ ጌም የሚጫወተው አያገኝም። ከልክ በላይ ያቀለለው ደግሞ መከራውን ያረክሳል። ማየን የመረጠው መካከለኛ መንገድ ጨዋታውን በሩጫና በምርጫ ፈጣን አድርጎ፣ ክብደቱን በእጥረቱ ላይ ማሳረፍ ነው።

ለገዳሪፍና ለከሰላ የሚሆን ጌም ምን ይመስላል?

በምሥራቅ ሱዳንና በአጎራባች የኢትዮጵያ አካባቢዎች ለሚኖር ተጫዋች የመጀመሪያው ጥያቄ ኔትወርክ ነው። እአአ በየካቲት 2024 በአብዛኛው የሱዳን ክፍል የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ ነበር። በትግራይ ከ2020 መጨረሻ፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘግቷል። ሁልጊዜ ኢንተርኔት የሚሻ ጌም እዚህ ጥቅም የለውም።

ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ መጠኑ ትንሽ የሆነ፣ ባትሪ የማይበላና በአንድ ስልክ ሁለት ሰዎች እየተቀባበሉ የሚጫወቱት ጌም ግን ብዙ ርቀት ይሄዳል። ስልኩን በሁለቱ መካከል መሬት ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ድሮውንም ገበጣ የሚጫወቱበት አቀማመጥ ነው። ውድ ምስልና ድምፅ እዚህ ላይ ሊቀነስ ይችላል፤ የጨዋታው ልብ በዚህ አይጎዳም። ቋንቋም አለ፤ አማርኛና ትግርኛ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋሉ። በሁለቱም የሚሠራ ጌም ከመጀመሪያው እንደዚያ ተደርጎ መታቀድ ይኖርበታል።

የሕጉ ብዛትም መፍትሔ የሌለው አይደለም። አንዱን ሥሪት «ትክክለኛ» ብሎ ከመጫን ይልቅ የጉድጓዱን ቁጥር፣ የማደያውን አቅጣጫና የመብላቱን ሁኔታ ለተጫዋቾቹ ምርጫ መተው ይቻላል። እያንዳንዱ ሥሪት በሚጫወትበት ቦታ ስም ሊጠራ ይችላል፤ ሁለት ሰዎችም ከመጀመራቸው በፊት እንደ መሬቱ ልማድ የማንኛቸውን አገር ሕግ እንደሚከተሉ ይስማማሉ። ይህ ለሠሪው ተጨማሪ ሥራ ነው፤ ለተጫዋቹ ግን ክርክሩን ይመልስለታል።

በጠቅላላው ከገበጣ እስከ ባልዱርስ ጌት ያሉት ምሳሌዎች የሚያሳዩት፣ ሚዛኑ ያለው በእውነተኝነትና በመዝናናት መካከል ሳይሆን በድካምና በውሳኔ መካከል መሆኑን ነው። መቁጠርን፣ መደርደርንና መመዝገብን ማሽን ቢወስደው ጨዋታው ይቀልላል። መገመትን፣ መምረጥንና በሕጉ መስማማትን ሲወስድ ግን ተጫዋቹን ተመልካች ያደርገዋል። በኡም ራኩባ ወይም በመተማ ያለ ልጅ ገበጣን ከስልክ ከተማረ በኋላ ስልኩ ባትሪ ሲጨርስ መሬት ቆፍሮ፣ ጠጠር ለቅሞ፣ ከጎረቤቱ ጋር በሕጉ ተስማምቶ መቀጠል ከቻለ፣ ጌሙ ጨዋታውን በሚገባ አስተላልፎለታል ማለት ነው።